ማሩ ከሰፈፉ ሲጠራ፦ የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) እውነት



በገበያ ቀን አንበሳሜ ላይ ማር የሚገዛን ሰው ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይኑን ብቻ አያምንም። በጣቱ ጫፍ ይቀምሳል፣ በእንጨት አንስቶ ሲንጠባጠብ ያያል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚያወራው። ማር ያልሆነ ነገር ይሸጥልኛል ብሎ አይሰጋም። የሚሰጋው ማሩ ውስጥ የገባውን ስኳር ነው። ዕቃው ውስጥ ማር አለ። ሻጩ ማር ነው ቢል አፉ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ሰውየውን ግን አታሎታል።

ዐረብኛ ለዚህ ሥራ ስም አለው፤ ጊሽ ይባላል። ጥሩውን ከመጥፎው ቀላቅሎ፣ ነውሩን ከሥር ደብቆ ማቅረብ ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ሰውየው ያወጣው የውሸት ቃል በዚህ ሐዲስ ውስጥ የለም። ጥፋቱ የክምሩ አደራደር ላይ ነበር።

ታዲያ የዚህ ተቃራኒው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሲድቅ ነው። ሲድቅ ከኛው ጽድቅ ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ ተቃራኒውም ከዚብ፣ ማለትም ውሸት ነው። አማና ደግሞ ተቃራኒው ኺያና፣ ክህደት ነው። ጊሽን ፊት ለፊት የሚገጥመው ቃል ግን ዑለሞች እንደሚያስረዱት ኑስሕ ነው። ነሲሓ የምንለው ከዚሁ ነው። እኛ ነሲሓ ሲባል ምክር ብቻ ይመስለናል። የቋንቋው ሊቃውንት ግን የቃሉን ሥር ሲያብራሩ ወደ ማር ይወስዱናል፤ ማርን ከሰፈፉ ለይቶ ማጥራት ነው ይላሉ። ዲናችን ነሲሓ ነው ስንል እንግዲህ ውስጡ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ የጠራ ነገር ለሰው ማቅረብ ማለታችንም ነው።

ይህን የጠራ ነገር ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በሕይወቱ ያሳየንን አንድ ሰው እናስታውስ። ትልቁ ፈተናው የደረሰበትም ሩቅ አገር አይደለም፤ በዚችው በሀበሻ ምድር፣ በአክሱም ንጉሥ ፊት ነው።

ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ፣ የዐሊይ (ረ.ዐ) ታላቅ ወንድም ነው። መካን ረሃብ በመታት ጊዜ አባቱ አቡ ጧሊብ ብዙ ልጆች ነበሩትና ሸክሙ ከበደው። ዘመዶች ሸክሙን ሊያቀሉለት ተስማሙና ዐሊይን ረሱል ወሰዱት፤ ጀዕፈርን ደግሞ አጎቱ ዐባስ ወስዶ አሳደገው። ከመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ነው። መልኩም ጸባዩም ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የሚመስል መሆኑን ራሳቸው መስክረውለታል። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል?

በመካ ሙስሊሞች ላይ ግርፋቱና እንግልቱ ሲበረታ፣ ነቢይነት ከመጣ በ5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ ገደማ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦቻቸውን ወደ ሀበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው። ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ያለባት አገር መሆኗን ነገሯቸው። ጀዕፈርም ከባለቤቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር ባሕር ተሻገረ። ቀስ በቀስ ስደተኞቹ ከ80 የሚበልጡ ወንዶች ሆኑ፤ ሴቶችና ሕፃናትም አብረዋቸው ነበሩ።

ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኳቸው። ዐምር ያኔ ገና አልሰለመም። መልእክተኞቹ ሀበሻ ውስጥ የሚወደደውን የመካ ቆዳ ስጦታ ይዘው መጡ። ሥራቸውን የጀመሩት ከንጉሡ አልነበረም። መጀመሪያ ለሹማምንቱ ለእያንዳንዳቸው ስጦታ ሰጡ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብም እንዲመክሩት ለመኗቸው። ታሪኩን ያስተላለፈችልን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እዚያው ነበረች። እንደነገረችን፣ መልእክተኞቹ ንጉሡ የሙስሊሞቹን ቃል ከመስማቱ የበለጠ የሚጠሉት ነገር አልነበረም።

ከዚያ በንጉሡ ፊት ቀርበው ነገራቸውን ተናገሩ። የሕዝባቸውን ሃይማኖት የተዉ፣ ወደ ንጉሡም ሃይማኖት ያልገቡ፣ አዲስ ነገር ያመጡ ወጣቶች ወደ አገሩ መግባታቸውን አስረዱ፤ አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው እንዲመለሱ እንደሚፈልጓቸውም ገለጹ።

እስቲ ቆም ብለን ይህን ንግግር እንመርምረው። የሕዝባቸውን እምነት ትተዋል፤ እውነት ነው። የንጉሡን ሃይማኖት አልያዙም፤ እውነት ነው። ዘመዶቻቸው ይፈልጓቸዋል፤ ይህም እውነት ነው። የጎደለው ለምን እንደሚፈለጉ ነው። በሞቃት አሸዋ ላይ የተጎተተው፣ የተገረፈው፣ የተገደለው ሰው ከንግግሩ ውስጥ ወጥቷል። ጥሩው እህል ከላይ፣ እርጥቡ ከሥር ተደርጓል። ጊሽ ማለት ይኸው ነው።

ንጉሡ አስሐማ ግን በአንድ ወገን ወሬ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ወደ እሱ የተጠጉ ሰዎችን ሳይሰማ እንደማያስረክብ ተናግሮ ስደተኞቹን አስጠራቸው። የሙስሊሞቹ ተናጋሪ ሆኖ የተነሳው ጀዕፈር ነበር።

ሰው ለራሱ ጥብቅና ሲቆም ከየት ይጀምራል? ከራሱ መልካምነት ይጀምራል። ጀዕፈር የጀመረው ከራሳቸው ነውር ነው። ጣዖት ያመልኩ እንደነበር፣ የሞተ ይበሉ እንደነበር፣ ጸያፍ ነገር ይሠሩ እንደነበር፣ ዝምድናን ይቆርጡና ጎረቤትን ይበድሉ እንደነበር፣ ከመካከላቸው ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደነበር ለንጉሡ ዘረዘረ። እነሱ ብሎ በቁረይሾች ላይ አላላከከውም። ራሱንም ጨምሮ፣ እኛ ብሎ ነው የተናገረው።

ከዚያ በኋላ አላህ ከመካከላቸው ዘሩን፣ እውነተኛነቱን፣ አማና ጠባቂነቱንና ንጽሕናውን የሚያውቁትን መልእክተኛ እንደላከላቸው ነገረው። ያ መልእክተኛ ያዘዛቸውን ሲቆጥርም አላህን በብቸኝነት ከመገዛት ቀጥሎ ያነሳው እውነት መናገርን፣ አማናን ለባለቤቱ ማድረስን፣ ዝምድናን መቀጠልንና ለጎረቤት መልካም መሆንን ነው። ንጉሡ ከመልእክተኛው መጽሐፍ እንዲያሰማው ሲጠይቀው የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ አነበበለት። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ። መልእክተኞቹ ያን ቀን የፈለጉትን ሳያገኙ ወጡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ነበር። ዐምር ግን ተስፋ አልቆረጠም። በማግስቱ ተመልሶ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር እንደሚናገሩ ለንጉሡ ሊነግረው ወሰነ። ጓደኛው ዐብዱላህ ሰዎቹ ምንም ቢሆኑ ዘመዶቻቸው መሆናቸውን አስታውሶ ሊከለክለው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ዐምር ገብቶ ተናገረ፤ ንጉሡም ስደተኞቹ ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ሊጠይቃቸው በድጋሚ አስጠራቸው።

ኡሙ ሰለማ እንደነገረችን፣ የዚያን ያህል ከባድ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ራሳችሁን በዚያ ቦታ አስቀምጡ። ንጉሡ ክርስቲያን ነው። ዙሪያውን የቆሙት ጳጳሳት ናቸው። ከኋላ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ የመካ ጅራፍ አለ። መሄጃ ሌላ አገር የለም። ሴቶች አሉ፤ ሕፃናት አሉ።

ከዚህ ለማምለጥ መዋሸት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ዒሳን እንደሚወዱና እንደሚያከብሩ ተናግሮ ዝም ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ትናንት ያነበቡትን የመርየምን አያ ደግሞ አንብቦ መቀመጥ ይቻላል፤ እሱም እውነት ነው። ንጉሡ የፈለገውን እንዲገምት መተው ይቻል ነበር። ግን ንጉሡ የጠየቀው ይህን አይደለም። ስለ ዒሳ ማንነት ምን እንደሚያምኑ ነው የጠየቀው። ግማሹን ሰምቶ ቢሸኛቸው በልቡ የሚይዘው ሥዕል የተሳሳተ ይሆናል፤ ያን የተሳሳተ ሥዕል የሳሉለትም እነሱ ይሆናሉ።

ሙስሊሞቹ ተሰብስበው ተማከሩ። የደረሱበት ውሳኔ አንድ ነበር፦ የሚመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውንና ነቢያቸው ያመጡትን ይናገራሉ።

ገቡ። ንጉሡ ጠየቀ። ጀዕፈርም ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆኑን፣ ከአላህ የሆነ መንፈስና ወደ ድንግሊቱ መርየም የጣላት ቃሉ መሆኑን መለሰ። አልዘለፈም፣ አልተከራከረም፣ የቤተ መንግሥቱን ሰው ሃይማኖት አላንቋሸሸም። ያመነበትን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ተናገረ። ባሪያ የምትለዋን ቃል ደግሞ ከመጀመሪያው አስቀመጣት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነገር የምታመጣው እሷ እንደሆነች እያወቀ፣ እንደ እርጥቡ እህል ከሥር አልቀበራትም።

ንጉሡ እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ አንድ ጭራሮ አነሳ። ዒሳ ጀዕፈር ከተናገረው የዚያችን ጭራሮ ያህል እንኳ እንደማያልፍ መሰከረ። ዙሪያው ያሉት ሹማምንት አጉረመረሙ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። ሙስሊሞቹ በምድሩ ደኅንነታቸው የተጠበቀ መሆኑን አወጀ፤ የወርቅ ተራራ ቢሰጠው አንዳቸውን እንኳ እንደማይጎዳ ተናገረ። የቁረይሾቹ ስጦታም እንዲመለስላቸው አዘዘ። እውነቱን የተናገረው ስደተኛ እውነቱን የሚሰማ ንጉሥ አገኘ። አስሐማ ሲሞት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሆነው የሩቅ ሟች ሶላት ሰግደውለታል። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው ነጋሽም እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳንስት። ጀዕፈር እውነቱን ተናገረና በማግስቱ ሁሉ ነገር ተስተካከለለት ማለት አይደለም። ደኅንነት አገኘ፤ ከስደት ግን አልወጣም። በድርም ኡሑድም ኸንደቅም እሱ ሀበሻ እያለ አለፉ። ልጆቹ ዐብዱላህ፣ ሙሐመድና ዐውን እዚሁ በኛ አገር ተወለዱ። የሚወዳቸውን ነቢይ ሳያይ ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። እውነት ደጁን ወዲያው የማትከፍትባቸው ጊዜያት አሉ። ታጋሽ ሰው ትፈልጋለች።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628 እ.ኤ.አ፣ በመርከብ ተሳፍረው ተመለሱ። የደረሱት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበርን ድል ባደረጉበት ሰሞን ነበር። በኸይበር መከፈት ይሁን በጀዕፈር መምጣት ይበልጥ የተደሰቱት በየትኛው እንደሆነ መለየት እስኪያቅታቸው ደስ አላቸው።

በነዚያ ቀናት የጀዕፈር ቤት እውነት በባልየው ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳይ ነገር ሆነ። አስማእ (ረ.ዐ) ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ) ገባ። የመዲና ስደተኞች በሂጅራ እንደቀደሟቸውና ለረሱልም ይበልጥ ቅርብ እንደሆኑ ተናገራት። አስማእ ተቆጣች። እነሱ ከረሱል ጋር ሆነው የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ በሩቅ አገር ለአላህ ብለን ስንሰቃይና ስንፈራ ኖረናል ስትል መለሰችለት። ከዚያም ነገሩን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስክታደርስ ምግብም ውሃም ላትቀምስ ማለች።

እዚሁ መሐላዋ ላይ የጨመረቻቸውን ሦስት ነገሮች በደንብ ያዙልኝ። ስትናገር እንደማትዋሽ፣ እንደማታጣምም፣ እንደማትጨምር ቃል ገባች። ተቆጥታለች፤ ተበድያለሁ ብላለች፤ ጾሟን ናት። በዚህ ሁሉ መሃል የከሰሰችውን ሰው ቃል ሳታበላሽ ልታደርስ ራሷን አሰረች። እንዳለችውም አደረገች። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ከሀበሻ የተመለሱት ሰዎች ይህን ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

ጀዕፈር መዲና ላይ ድሆችን በመውደዱ የሚስኪኖች አባት ተባለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በረሃብ ዘመኑ ጀዕፈር ቤቱ ወስዶ ያለውን ሁሉ ያበላቸው እንደነበር ይናገራል። ምንም በሌለበት ቀን ባዶውን የቅቤ ስልቻ ያወጣላቸውና ቀደው ውስጡ የቀረውን ይልሱት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ባዶ ቤቱን ለመሸፈን ምክንያት ይደረድራል። ጀዕፈር ግን ያለውንም የሌለውንም እንዳለ ያሳይ ነበር።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ629 እ.ኤ.አ፣ 3,000 ሰዎች ያሉበት ጦር ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ወዳለችው ሙእታ ዘመተ። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ሲሰዋ ባንዲራውን ጀዕፈር ያዘ። ቀኝ እጁ ተቆረጠ፤ በግራው ያዘ። ግራውም ተቆረጠ፤ በክንዶቹ አቅፎ ያዘው፤ እስኪሰዋ ድረስ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስከሬኑ ላይ ከ50 በላይ የጦርና የሰይፍ ቁስል ቆጠረ። አንዱም ከጀርባው አልነበረም። በንጉሥ ፊት ፊቱን ያላዞረ ሰው በጦር ፊትም አላዞረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን አስጠርተው አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አፈሰሰ። ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራም አዘዙ። በጀነት ሁለት ክንፍ እንደተሰጠውም ነግረውናል።

ዐምር ኢብኑል ዓስስ? በዚያው በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና መጥቶ ሰለመ፤ ከታላላቅ ሰሃቦችም አንዱ ሆነ፤ ረዲየላሁ ዐንሁ። ትናንት በጊሽ የመጣን ሰው ነገ አላህ ያጠራዋል። ስለዚህ ማንም ተስፋ አይቁረጥ።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ከዚህ ሕይወት ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንያዝ። ብዙዎቻችን አልዋሸሁም በማለት ራሳችንን እናጽናናለን። ስልክ ስንሸጥ ባትሪው እንደማይቆይ ሳንናገር ፎቶውን ብቻ እንለጥፋለን። የሰው ንግግር ከመሃል ቆርጠን እናጋራለን። የተጣላነውን ሰው መልእክት ስክሪንሾት ስናደርግ እኛ የጻፍነውን እናስቀራለን። ለኒካሕ ስንጠየቅ ዕዳችንን እንዘልላለን። ጤፉ ላይ አፈር፣ ማሩ ላይ ስኳር እንጨምራለን። አንድም የውሸት ቃል ከአፋችን አልወጣም ይሆናል። ግን ሰውየው ቤቱ ሲገባ የያዘው ሥዕል ትክክል ነው ወይ?

ይህ ማለት የሁሉንም ነውር አደባባይ እናውጣ ማለት አይደለም። የወንድምን ምስጢር መሸፈን አማና ነው። የራስን ወንጀል መሸፈንም የታዘዝንበት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ሰውየው ያን ነገር ባለማወቁ ይጎዳል ወይ? ጠይቆናል ወይ? በእኛ ቃል ተማምኖ ገንዘቡን፣ ልጁን ወይም ፍርዱን እየሰጠ ነው ወይ? እንዲህ ከሆነ ዝምታችን ስትር መሆኑ ቀርቶ ጊሽ ይሆናል።

እንግዲህ ከመናገራችን፣ ከመሸጣችን፣ ከማጋራታችን በፊት የአስማእን ሦስት ነገሮች እንጠይቅ፦ ዋሸሁ? አጣመምኩ? ጨመርኩ? ከጀዕፈር ደግሞ አራተኛ እንውሰድ፦ የምትጎዳኝን ቃል ከሥር ቀበርኳት?

ያ አላህ፣ ምላሳችንን ከውሸት፣ ሥራችንን ከጊሽ፣ ልባችንን ከኒፋቅ አጥራልን። ሪዝቃችንን ሐላልና የጠራ አድርግልን። ከጀዕፈርና ከአስማእ ጋር በጀነት ሰብስበን። አሚን።

በጁሙዓ ቀን ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፤ በረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።